ስለ ንግሥት እሌኒ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐረር ላይ የድሮ ታሪክ ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ወደ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ይዞራል። ልክ ነው፣ ኢማሙ የተነሳው ከዚህ ነው። ግን እሱ ገና ልጅ ሳለ በወዲያኛው፣ በክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ነገር ሁሉ በአንዲት አሮጊት ንግሥት እጅ ነበር። ንግሥት እሌኒ። እሷን የማያውቅ ሰው የኢማሙን ዘመን ከመሃል ጀምሮ ነው የሚሰማው፣ ከመሃል የተጀመረ ታሪክ ደግሞ ለጠብ ካልሆነ ለሌላ አይመችም። እዚህ የመለስኳቸው ተማሪዎችም እንግዶችም ደጋግመው የሚያነሷቸውን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መስቀሉን ያስቆፈረችው እሌኒ ናት?

አይደለችም። ያቺ የቆስጠንጢኖስ እናት ናት፣ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሰው። በመስከረም ደመራ ሲደመር የምትነሳው እሷ ነች። የእኛዋ እሌኒ የኖረችው በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ያረፈችውም 1522 አካባቢ ነው።

የማን ልጅ ነች?

የሐድያው ገዢ የገራድ መሐመድ ልጅ ናት፣ ገራድ የገዢ ማዕረግ ነው። ሐድያ ያኔ የራሱ ገዢ ያለው የእስላም አገር ነበር፣ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ግብር ይከፍላል። ስለዚህ እሌኒ ስትወለድ የሙስሊም ንጉሥ ልጅ ነበረች። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። መደንገጥ አያስፈልግም። በዚያ ዘመን በሁለቱ ወገን መካከል ጦርነት ብቻ አልነበረም፤ ንግድ ነበር፣ ግብር ነበር፣ ጋብቻም ነበር፣ ቅልቅሉ ዛሬ ከምናስበው በላይ ነው።

ታዲያ እንዴት የክርስቲያን ንግሥት ሆነች?

ክርስትና ተነሥታ አጼ ዘርዓ ያዕቆብን አገባች። ዘርዓ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው፣ ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ነው። የሚገብሩ አገሮችን ገዢዎች ልጆች ማግባት የነገሥታቱ የቆየ ልማድ ነው፣ ጋብቻው የአገር ጉዳይ እንጂ የሁለት ሰዎች ብቻ አልነበረም። እሷም «ቀኝ በአልቲሐት» ተባለች፣ ይኸ ከንጉሡ ሚስቶች የቀኝ ንግሥት ማዕረግ ነው፣ የግራም አለ።

ጋብቻው ግን ሐድያን ዝም አላሰኘም። ገራድ ማሂኮ ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ፣ ተገደለ፣ በቦታው አጎቱ ባሞ ተሾመ። እሌኒ ይህ ሁሉ ሲሆን የት እንደነበረች አስቡት። ባሏ ንጉሥ ነው፣ የሚወጋው አገር ደግሞ የተወለደችበት ነው።

ሌላም አለ። የዘርዓ ያዕቆብ ቤት የሚያስፈራ ቤት ነበር። ንጉሡ በጥርጣሬ የገዛ ልጆቹንና ሚስቶቹን ይቀጣ ነበር፣ ከሚስቶቹ አንዷ ጽዮን ሞገሳ ልጇን ልታነግሥ ታስባለች ተብላ ተገርፋ በዚያው ሰበብ ሞታለች። ከዚያ ቤት በሕይወትም በክብርም መውጣት ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው፣ እኔ የእሌኒን ብልሃት መቁጠር የምጀምረው ከዚህ ነው።

ባሏ ሲሞት ለምን ገዳም አልገባችም?

የጽዮን ሞገሳ ልጅ በእደ ማርያም ነገሠና እሌኒን እንደ እናቱ ያዛት። የእሱ ዜና መዋዕል ስለ እሷ ሲናገር በጸሎቷና በቅዱስ ቁርባኗ ያመሰግናታል፣ ግን እዚያ ላይ አያቆምም፤ መጽሐፍ የምታውቅ፣ ሕግ የምታውቅ፣ የመንግሥትን ነገር የሚገባት፣ የንጉሥ ማዕድ ማዘጋጀትም የምትችልበት ሴት ነበረች ይላል። ማዕዱን አቅልላችሁ አትዩት። የንጉሥ ግብር ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚበላ የሚታይበት፣ ሹመትና ሽረት የሚሸተትበት ቦታ ነው።

ስንት ነገሥታት አየች?

ባሏን ጨምሮ 6። ዘርዓ ያዕቆብ፣ በእደ ማርያም (1468–1478)፣ እስክንድር (1478–1494)፣ በ1494 ለጥቂት ወራት የነገሠው ሕፃኑ ዳግማዊ አምደ ጽዮን፣ ናኦድ (1494–1508)፣ ከዚያ ልብነ ድንግል። ባሏ ከሞተ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ኖራለች። መሃል ላይ ሌሎች ጉልበተኞች ቤተ መንግሥቱን የያዙበት ጊዜም ነበር፣ ለምሳሌ እስክንድር በልጅነቱ ሲነግሥ ሥልጣኑ በእናቱ በሮምናና በመኳንንቱ፣ በተለይም በዓምደ ሚካኤል እጅ ነበር። እሌኒ ግን ጊዜውን አሳለፈችው።

ልጅ አልነበራትም?

ከነገሡት መካከል አንዳቸውም ከአብራኳ አልወጡም። ይህ ነገሯን የበለጠ ከባድ ያደርገዋል። ሌሎች እናት ንግሥቶች ሥልጣን የሚያገኙት በልጃቸው ነው፤ ልጄ ነው፣ አትንኩት ይላሉ፣ ሰውም ይገባዋል። እሌኒ እንዲህ የምትለው አልነበራትም። የነበራት እውቀቷና ስሟ ብቻ ነው፣ የእንጀራ ልጇ፣ የልጅ ልጆቹ፣ መኳንንቱ፣ ጳጳሱ ሁሉ እሷ ብትይዘው ይሻላል ያሉት በዚያ ነው።

የንጉሥ ሞግዚት (በልጅ ንጉሥ ፈንታ አገር የምትመራ) የሆነችው መቼ ነው?

1508 ላይ ናኦድ ሲሞት። ልጁ ልብነ ድንግል ገና 12 ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ ናኦድ ሞገሳ ነበረች፣ ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ ነበሩ፣ አገሩን የመምራቱ ነገር ግን በዋናነት እሌኒ ላይ ወደቀ። እስከ 1516 አካባቢ ድረስ ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ነበር የሚያልፈው። ያኔ እድሜዋ በጣም ገፍቷል፣ የ1468ቱ ባልቴት መሆኗን አትርሱ።

ለፖርቱጋል ደብዳቤ የጻፈችው ለምንድን ነው?

ይኸኛው ብዙ ክርክር የሚያስነሳ ጥያቄ ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ ያን ዘመን እንይ። ፖርቱጋሎች በአፍሪካ ዞረው ሕንድ ደርሰዋል። የግብጽ ገዢዎች ማምሉኮች ቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን እንዳያጡ መርከብ እያዘጋጁ ነው። ከኋላቸው ቱርክ እየጠነከረ ነው (1517 ላይ ግብጽን ራሷን ወሰደ)። በቤተ መንግሥቱ ደግሞ በእስክንድር ዘመን የመጣ፣ መውጣት ተከልክሎ እዚያው የቀረ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ አለ። ስለዚህ እሌኒ ወሬውን ከሩቅ የምትሰማ ሰው አልነበረችም። መረጃ ነበራት።

ስለዚህ 1509 አካባቢ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ጻፈች። ደብዳቤው የልመና አይደለም። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ እኛ በየብስ ሰውም ስንቅም አለን፣ በባሕር ግን አቅም የለንም፣ እናንተ መርከብ አላችሁ፣ እንተባበር። የጋብቻ ዝምድናም አንስታለች። ከጌታ መስቀል ነው የተባለ እንጨትም ላከች። አገሯ ምን እንዳለውና ምን እንደሚጎድለው ቁጭ ብላ አስባ የጻፈች ሴት ነበረች። ባሕር ላይ አቅም የለንም ማለት ድፍረት ይጠይቃል፣ ነገሥታት እንዲህ ብለው አይጽፉም።

ይህን ሁሉ ስታደርግ ደግሞ ከምሥራቁ የእስላም ሱልጣኔት ከአዳል ጋር ሰላም እንዲሆን ትፈልግ ነበር። የአዳሉ ሱልጣን መሐመድም ሰላም የሚፈልግ ሰው ነበር፣ ንግዱ ለሁለቱም ይጠቅማል። ጎረቤት ሰላም ይሁን፣ እኛ ግን ከኋላ ዘመድ እናብጅ፤ ሐሳቧ ይህ ነበር። እኔ ስህተት አላይበትም።

ደብዳቤውን ማን ወሰደው? ደረሰ?

ማቴዎስ የሚባል አርመን ነጋዴ ነው። የዚህ ሰው ነገር ያሳዝናል። 1512 ሕንድ ውስጥ ጎዋ ደረሰ፣ ፖርቱጋሎቹ ሰላይ ነህ፣ አታላይ ነህ እያሉ አንገላቱት፣ 1514 ሊዝበን ገባ፣ እዚያ ተከበረ፣ ከአምባሳደር ጋር ተመለሰ። አምባሳደሩ ዱዋርቴ ጋልቫው በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት 1517 ላይ ሞተ። መልእክተኞቹ በሮድሪጎ ዴ ሊማ መሪነት ምጽዋ የወረዱት 1520 ሚያዝያ ላይ ነው። ማቴዎስ አገር በገባ በጥቂት ሳምንት ደብረ ቢዘን ገዳም ውስጥ አረፈ። ያንን ሁሉ መከራ ችሎ የላከችውን ንግሥት ሳያገኝ።

መልሱ በዘገየበት 10 ዓመት ውስጥ ደግሞ ነገሩ ተቀይሯል። ልብነ ድንግል ጎልምሷል፣ ጦርነት አሸንፏል፣ የማንንም እርዳታ አልፈልግም የሚል ስሜት ውስጥ ነው። መልእክተኞቹ 6 ዓመት ያህል ቆይተው ብዙም ሳይዙ ተመለሱ። የእሌኒ ደብዳቤ ፍሬ ያፈራው 1541 ነው፣ እሷ ከሞተች 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ 400 የሚሆኑ ፖርቱጋሎች በክሪስቶቫው ዳ ጋማ መሪነት ምጽዋ ሲገቡ።

እና ከሐረር ጋር ምን አገናኛት?

በብዙ መንገድ ተገናኝታለች።

የዘይላው አሚር ማሕፉዝ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ወቅት ወደ ደጋው እየዘመተ ያጠቃ ነበር፣ ጾመኛ ሰው ደካማ ነው ብሎ ነው ይባላል። እሌኒ ሰላሙን ስትሞክር፣ የአዳሉ ሱልጣንም ሰላሙን ሲፈልግ፣ ማሕፉዝ አልተመለሰም። 1517 ላይ ወጣቱ ልብነ ድንግል ገጠመውና ማሕፉዝ ተገደለ። ድሉ ንጉሡን አኮራው፣ የአሮጊቷን ምክርም አራከሰው ብዬ አስባለሁ።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማሕፉዝ ሴት ልጅ ነበረችው፣ ባቲ ድል ወንበራ። እሷን ያገባት ኢማም አሕመድ ነው። የአዳል መናገሻ ሐረር የሆነችውም በዚያው ሰሞን፣ 1520 ላይ በሱልጣን አቡበክር ጊዜ ነው፣ ፖርቱጋሎቹ ምጽዋ በወረዱበት ዓመት። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ሲሄዱ ነበር፣ እኛ ነን በሁለት መጽሐፍ የከፈልናቸው።

ድል ወንበራም ሞግዚት ነበረች?

በማዕረግ አልነበረችም። በሥራዋ ግን ከእሌኒ ጋር የሚያመሳስላት ብዙ ነው፣ ሐረር ውስጥ ስለ እሌኒ ሲወራ እሷን መዝለል አይሆንም።

ከባሏ ጋር ዘመተች። ወታደሩ ሴት ይዞ መዝመት ልማዳችን አይደለም ብሎ አጉረመረመ፣ እሷ አልመለስም አለች። ዳገቱ ሲከፋ ሰው ተሸክሟት አለፈች። በዘመቻው ላይ እያለች 1531 መሐመድን፣ 1533 አሕመድን ወለደች። 1543 የካቲት ላይ ወይና ደጋ ኢማሙ ሲሞት ከጥቂት ወታደሮች ጋር በጣና በኩል ሸሽታ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ሐረር ገባች።

ልጇ መሐመድ ግን ተማርኳል። በወዲያኛው ወገን ደግሞ የልብነ ድንግል ባልቴት ሰብለ ወንጌል ልጇ ሚናስ ተማርኮ ባሕር ተሻግሮ የመን፣ ከቱርኩ ፓሻ ዘንድ ነበር። ሁለቱ እናቶች ልጆቻቸውን ተለዋወጡ። ድል ወንበራ ሚናስ ከየመን እንዲመጣ አደረገች፣ መሐመድ ተፈትቶ ወደ እናቱ ተመለሰ። ሚናስ በኋላ አጼ ሚናስ ሆኖ ነገሠ። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚሠራ ስምምነት ያደረጉት ሁለት ባልቴቶች ናቸው። ይህን በትምህርት ቤት በደንብ ቢያስተምሩት ደስ ይለኛል።

በ1550ዎቹ መጀመሪያ ድል ወንበራ የኢማሙን የእህት ልጅ አሚር ኑርን አገባች፣ የባሌን ደም ትመልሳለህ ብላ። ኑርም 1559 ላይ አጼ ገላውዴዎስን ጦርነት ላይ ገደለ። በዚያው ዓመት የገላውዴዎስ ጦር መሪ ሐመልማል ሐረርን መትቶ ሱልጣን በረካትን ገደለ። ማን አሸነፈ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሁለቱም አገር ደቀቀ።

እሌኒ ወገኗን ከድታለች የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

ይህ የሚመጣው ከሁለቱም በኩል ነው። አንዱ የአባቷን ሃይማኖት ተወች ይላል፣ ሌላው ፈረንጅ አስገባች ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

እሌኒ በልጅነቷ ተድራ የመጣች ሴት ናት። ባገባችበት ቤት እምነቷን ከልቧ ያዘች፣ ቤተ ክርስቲያን ሠራች፣ የምስጋና መጻሕፍት ደርሳለች ተብሎ ተጽፎላታል። በዚያው ልክ ከተወለደችበት ወገን ጋር ጦርነት ይቅር የምትል እሷ ነበረች። ሁለቱንም ወገን ከውስጥ የምታውቅ ሰው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሌላ አልነበረም። ፈረንጅ አስገባች የሚለውም፣ ያስገባቻቸው ጌታ እንዲሆኑ አይደለም፣ መርከብ እንዲያመጡ ነው። በኋላ ካቶሊክነት በግድ ይሁን ተብሎ የመጣው ጣጣ የሱስንዮስ ዘመን ነገር ነው፣ እሷ ከሞተች ከ100 ዓመት በኋላ። ለዚያ እሷን መውቀስ ግፍ ነው።

የሠራችው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ አለ?

ጎጃም ውስጥ መርጡለ ማርያም ነው። ጎጃም ላይ ርስት ነበራት፣ ቤተ ክርስቲያኑን በጣም አስጊጣ፣ በወርቅ ሳይቀር አሠራችው። ቦታው ከእሷ በፊትም የቆየ ነው የሚል ትውፊት አለ። በኢማሙ ጦርነት ተቃጠለ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እንደገና ሠሩት፣ ዛሬ የድንጋይ ቅርጹ ያለበት ፍርስራሽ ይታያል። ከሐረር ሩቅ ነው፣ ግን ወደ ባሕር ዳር መስመር ለሚሄድ ሰው መዞር አይቆጨውም።

ስትሞት ሰው ምን አለ?

ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አገሩ ውስጥ ሳለ ነው ያረፈችው። እሱ እንደጻፈው ሕዝቡ በጣም አለቀሰ፤ እሷ ስትሞት ሁላችንም ሞትን፣ ትልቁም ትንሹም፣ በሕይወት ሳለች ሁሉ በእሷ ይኖር ነበር፣ የሁሉ አባትና እናት ነበረች አሉ። ከ7 ዓመት በኋላ፣ 1529 ላይ፣ ልብነ ድንግል ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማሙ ተሸነፈ። 1540 ላይ ደብረ ዳሞ ላይ ሲሞት መንግሥቱ ከእጁ አምልጦ ነበር።

ሐረር ውስጥ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገናኝ ምን ላይ?

የእሌኒ ነገር ሐረር ውስጥ የለም፣ አትፈልጉ። የድል ወንበራ ባል ግን አለ። ጁገልን፣ የሐረርን ግንብ ያሠራው አሚር ኑር ነው፣ ጥንታዊዎቹ በሮች 5 ናቸው። መቃብሩም እዚያው ግንቡ ውስጥ ነው፣ አረንጓዴ ጉልላት ያለው፣ ሰው የሚዘየረው። ከፈረስ መጋላ ተነስታችሁ ማንንም ብትጠይቁ ያሳያችኋል። ጫማ ይወለቃል፣ ሴቶች ሻሽ ያዙ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠባቂውን አስፈቅዱ።